በሸራ ጀልባ ላይ ከልጆች ጋር መኖር፦ ፒያሳና አራት ኪሎ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ከጥቅምት 2014 እስከ ታኅሣሥ 2017 ካሪቢያን ባሕር ላይ፣ በአብዛኛው በግሬናዳና በግሬናዲንስ ደሴቶች መካከል፣ በአንዲት አሮጌ የሸራ ጀልባ ውስጥ ኖረናል። ከተመለስን ወዲህ ፒያሳ ማኪያቶ ይዤ በተቀመጥኩ ቁጥር፣ አራት ኪሎ እናቴ ጋ ቡና በተፈላ ቁጥር ያው ጥያቄ ይመጣል። አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ባሕር የሌለው አገር ሰዎች ሆናችሁ ይህ ሐሳብ ከየት መጣላችሁ?

ከአጎቴ። የቀድሞው ባሕር ኃይል ባልደረባ ነበር። ምጽዋ በየካቲት 1982 ከእጅ ስትወጣ አዲስ አበባ ገባ፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜውን የጨረሰው መኪና እየነዳ ነው። ግን ግቢያችን ውስጥ በልብስ ማስጫው ገመድ የመርከበኛ ቋጠሮ ያስተምረን ነበር። ቢጎትቱት የማይጠብቅ፣ ሲፈልጉ በአንድ እጅ የሚፈታ ቋጠሮ አለ። ሰባት ዓመቴ ላይ የተማርኩትን ያንን ቋጠሮ ሠላሳ ዓመት አልፎ ግሬናዳ ላይ ስቋጥረው፣ ጀልባዋን የሸጡልን ሽማግሌ «የት ተማርሽው?» አሉኝ። አዲስ አበባ ብላቸው የሚገባቸው አልመሰለኝም፤ ግን አልኳቸው።

ቤቱ ምን ያህል ይሰፋል?

ርዝመቷ 12 ሜትር፣ ወርዷ በሰፊው ቦታ አራት ሜትር አይሞላም። ጫፏ ስለሚሾል የሚኖርበት ቦታ ከአንድ ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም ያነሰ ነው። አራት በአራት የቀበሌ ቤት ውስጥ ስድስት ሆኖ ያደገ ሰው ስፋቷን አይቶ አይደነግጥም። ሽንት ቤቱ በእጅ እየተገፋ የሚወርድ ነው፤ ወረቀት አይጣልበትም፤ ሲደፈን የሚጠገነው በባለቤቴ እጅ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ሌላ አልጨምርም።

ውሃና መብራት ከየት ነው?

ይህን የሚጠይቀኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ቤቱ ሮቶ፣ በርሜልና ሰልፍ የያዙ ጀሪካኖች ያሉት ነው። ስለዚህ የመልሱን ግማሽ ያውቀዋል።

ታንከራችን 450 ሊትር ይይዛል። ለአራት ሰው በቀን 60 ሊትር ገደማ ይበቃን ነበር፤ የሚጠጣው፣ የሚበሰልበት፣ የሚታጠብበት ሁሉ ተደምሮ። ሰሃን መጀመሪያ በባሕር ውሃ ይታጠባል፣ ከዚያ በትንሽ ንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል። ገላም እንደዚያው ነው፤ ባሕሩ ውስጥ ገብተው ይወጣሉ፣ ሳሙና ይቀባሉ፣ ደግመው ይገባሉ፣ በመጨረሻ በአንድ ሃይላንድ ውሃ ጨዉን ያወርዳሉ። አንድ ሃይላንድ ለአንድ ሰው። ትልቋ ልጄ ፀጉሯን ስትታጠብ ሁለት ይፈቀድላታል፤ ትንሹ ይህንን አድልዎ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

የባሕርን ውሃ ወደ ሚጠጣ የሚለውጥ ማሽንም አለ። ውሃውን በሃምሳ እጥፍ በሚበልጥ የአየር ግፊት እጅግ ስስ በሆነ ማጣሪያ ውስጥ አስገድዶ ያሳልፈዋል፤ ጨዉ ወዲያ ይቀራል። የኛው በሰዓት 30 ሊትር ይሰጥ ነበር፤ ሲሰራ። አንዴ ለአሥራ አንድ ቀን ቆመ። አጠገባችን መልህቅ የጣሉ የአውሮፓ ቤተሰቦች ማሽናቸው ሲበላሽ ነገሩን እንደ ሐዘን ነው የሚይዙት። እኔና ባለቤቴ ጀሪካን በጎማ ጀልባ ጭነን ወደ ወደቡ ቧንቧ ስንመላለስ «ፈረቃ ነው» ተባብለን ሳቅን። እውነቱን ለመናገር የጀልባ ኑሮን ግማሽ ያስተማረችን አዲስ አበባ ናት። ውሃ ሲመጣ መሙላት፣ መብራት ሳይጠፋ ስልክ ቻርጅ ማድረግ፣ የጋዙን ሲሊንደር ብድግ አድርጎ መመዘን፤ እነዚህ ልማዶች ላላደገባቸው ሰው ከባድ ትምህርት ናቸው።

መብራቱ ከፀሐይ ነው። በአጠቃላይ 800 ዋት የሚያመነጩ ሰሌዳዎች ነበሩን፤ ግማሹን ፍሪጁ ይበላዋል። ልጄ ማታ ማታ የባትሪውን ቁጥር አንብባ «ፊልም አለ» ወይም «የለም» ትለናለች። የእሷ ቃል ይግባኝ የለውም።

እንጀራስ?

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ መጣ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይፈልጋል፤ የጀልባችን ኢንቨርተር የሚችለው 2 ሺህ ነው። ስለዚህ ምጣድ የለም። ያለው በማይዝ መጥበሻና በጋዝ መሞከር ነው።

የጀልባ ምድጃ እንደ ዥዋዥዌ ተንጠልጥሎ ነው የሚሰቀለው፤ ጀልባዋ ስትጋደል እሱ ቀጥ ብሎ ይቆያል፣ ድስቱ አይደፋም። ግን ሊጥ ፈሳሽ ነው። መጥበሻው ላይ እያዞርኩ ሳፈሰው የአንድ መርከብ ሞገድ ከሥር ያልፋል፤ ምድጃው ትንሽ ዘግይቶ ይከተላል፤ ሊጡ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። አንዱ ዳር እንደ ድፎ የወፈረ፣ ሌላው ዳር እንደ ወረቀት የሳሳ እንጀራ ይወጣል። ዓይኑ ግን አለ! እናቴ በቪዲዮ አይታው «ይሄ እንጀራ አይደለም፣ ካርታ ነው» አለችኝ።

አቦካኩም ሌላ ነው። አዲስ አበባ ብርድ ላይ ሦስት ቀን የሚቆይ ሊጥ እዚያ በ30 ዲግሪ ሙቀት በማግስቱ ጠዋት ይፈላል፤ እስከ ማታ ካልተጋገረ ይመጥጣል። የጤፍ ዱቄቱ ከአሜሪካ ነው የሚመጣልን፤ በዋጋው ምክንያት የበዓል ነገር ነበር።

ያገኘነው ጥበብ ይልቅ አሮጌው ስንቅ ነው። ድርቆሽ፣ በሶ፣ ጭኮ፣ ቆሎ፣ ቋንጣ። ጭኮ ፍሪጅ አይፈልግም፣ ቦታ አይዝም፣ ማዕበል ላይ እሳት ሳይነካ በማንኪያ ይበላል። ሌሎቹ ቤተሰቦች ባሕሩ ሲከፋ ደረቅ ብስኩት ሲያኝኩ የኛ ልጆች ጭኮ ይዘው ተቀምጠዋል። ለዘማች የተሰራ ምግብ ለመርከበኛም ይሆናል፤ ሁለቱም እሳት ማንደድ የማይችልበት ሰዓት አለው።

ደሴቶቹም አያስርቡም። ግሬናዳ ባንዲራዋ ላይ የገውዝ ፍሬ ያለባት አገር ናት፤ ቅመም ከየጓሮው ይለቀማል። ኮረሪማ ግን የለም፤ ይዛችሁ ሂዱ። በጾም ሽሮን በኮኮናት ወተት መስራት ለመድን፤ አንዴ ከቀመሳችሁት ወደ ዘይቱ መመለስ ይከብዳል። በየዕለቱ ከባሕር የሚወጣውን ዓሣ በጾም እንበላ ነበር ወይ? እሱን ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ።

አውሎ ነፋስ ቢመጣስ?

ይመጣል። የአትላንቲክ አውሎ ነፋስ ወቅት የሚባለው ከግንቦት 24 እስከ ኅዳር 21 ነው፤ ክፉው ጊዜ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት። ክረምታችንን ተከትሎ የሚሄድ መሆኑ በአጋጣሚ ብቻ አይደለም። ብዙዎቹ አውሎ ነፋሶች የሚጀምሩት አፍሪካ ላይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በሚጓዝ የአየር ሞገድ ነው። በሐምሌ 1992 መጨረሻ አትላንቲክ ላይ የተፈጠረውን አልቤርቶ የተባለ አውሎ ነፋስ ተመራማሪዎች ወደ ኋላ ሲከታተሉት መነሻው ኢትዮጵያ ደጋ ላይ የተከማቸ የነጎድጓድ ደመና ሆኖ ተገኝቷል። ደሴቶቹን ሳይነካ ውቅያኖስ ላይ ሲዞር ከርሞ ጠፋ። ይህን ካወቅሁ በኋላ እናቴ በስልክ «ዛሬ ከባድ ዝናብ ጣለ» ስትለኝ እንደ ድሮው አልሰማትም።

ሕጉ ቀላል ነው፦ በዚያ ወቅት ወደ ደቡብ ውረድ። ግሬናዳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነች ብዙ ጀልባዎች እዚያ ይከርማሉ። ግን «ግሬናዳ አይደርስም» የሚል ሰው አትመኑ። ጳጉሜ 2 ቀን 1996 ኢቫን የተባለው አውሎ ነፋስ ከደሴቲቱ ቤቶች አብዛኛውን ጣሪያ አልባ አድርጓል። ቤሪል ደግሞ ሰኔ 24 ቀን 2016 መጣ።

ቤሪልን ልንገራችሁ። ያኔ ካሪያኩ የምትባለው ትንሽ ደሴት ላይ፣ ቲረል ቤይ ነበርን። ሰኔ 21 ገና ስም እንኳ ያልያዘ ነገር ነበር። ሰኔ 22 ጠዋት ባለቤቴ የአየር ትንበያውን ሲያነብ ፊቱን አየሁትና ልጆቹን ቁርስ ሳልጨርስላቸው ዕቃ ማሰር ጀመርኩ። ጎረቤቶቻችን ለሁለት ተከፈሉ። አንዳንዶቹ ባሕር ዳር ውሃው ውስጥ የሚበቅሉት ማንግሮቭ ዛፎች ውስጥ ገብተው ጀልባቸውን ከሥሩ ጋር አሰሩ፤ ከዱሮ ጀምሮ መጠለያ የሚባለው እሱ ነው። እኛ ወደ ትሪኒዳድ ለመሸሽ ወሰንን። ከግሬናዳ ደቡብ ጫፍ እንኳ 80 የባሕር ማይል ገደማ ነው፤ አንዱ የባሕር ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ነውና ቁጭ ብላችሁ አባዙት። ጀልባዋ በሰዓት ስድስት የባሕር ማይል ትሄዳለች፤ ፈጣን ሯጭ ይቀድማታል።

ሌሊቱን በሙሉ ሄድን። ግራ ቀኙ የሸሹ ጀልባዎች መብራት ነበር፤ ሁሉም ወደ ደቡብ። ሬዲዮው በቻናል 16 ላይ ይንሾካሾካል፣ ሰው ከሰው ጋር «እናንተም ወጣችሁ?» ይባባላል። ትልቋ ልጄ ከኔ ጋር ተቀምጣ ፋኖሶቹን ቆጠረች፤ ሃያ ሦስት ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ሰኔ 23 ከሰዓት በኋላ መልህቅ ጣልን። በማግስቱ ቤሪል ከአምስቱ የአውሎ ነፋስ ደረጃዎች በአራተኛው ካሪያኩ ላይ ገባ። ደሴቷ ላይ የቀረ ጣሪያ ጥቂት ነው። ማንግሮቩ ውስጥ የታሰሩት ጀልባዎች እርስ በርስ ተደራርበው የሚያሳይ ፎቶ መጣልን፤ ሁለቱን በቀለማቸው አወቅናቸው። ሰዎቹ ተርፈዋል።

ብልህ ስለሆንን አይደለም። ነፋሱ ትንሽ ወደ ደቡብ ቢያዘነብል ኖሮ እኛ ነበርን ሞኞቹ።

አያዞርም?

ያዞራል። የደብረ ሲናን ጠመዝማዛ በአውቶቡስ አልፎ ያስመለሰ ሰው ጀልባ ላይም ያስመልሳል። ዝንጅብል፣ ባዶ ሆድ አለመሆን፣ ዓይንን አድማሱ ላይ መትከል፣ ስልክ አለማየት። ሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ሰውነት ይለምዳል። ባለቤቴ ግን አልለመደም፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት ኪኒን ይውጣል።

ልጆቹ ቢወድቁስ?

እናቴ ይህን ጥያቄ ሦስት ዓመት በየእሑዱ ጠይቃኛለች። በጀልባዋ ዙሪያ መረብ አለ። ከውስጥ ወደ ላይ የሚወጣ ልጅ የመንሳፈፊያ ጃኬት ሳይለብስ አይወጣም። ስንጓዝ ሁላችንም፣ ትልልቆቹም፣ በማሰሪያ ከጀልባዋ ጋር እንያያዛለን። ሌሊት ብቻውን ያለ ሰው ማሰሪያውን ፈትቶ ሸራ ሊያስተካክል አይሄድም፤ ሌላውን ይቀሰቅሳል። ዋና ከመሄዳችን በፊት ተምረዋል። እኔ በልጅነቴ የተማርኩት ጊዮን ሆቴል ገንዳ ውስጥ ነው፤ የዚያ ገንዳ ቅዝቃዜ ካልገደለኝ ካሪቢያን አይገድለኝም። ትንሹ አንዴ ወድቋል፤ መልህቅ ላይ ቆመን፣ ጠራራ ፀሐይ፣ አይስክሬም በእጁ። ያለቀሰው ለአይስክሬሙ ነው።

ትምህርታቸውስ?

ጠዋት ጠዋት ሦስት ሰዓት ያህል እኔ አስተምር ነበር። ሒሳብና እንግሊዝኛ አላስቸገረም። አማርኛ አስቸገረ። ፊደሉን ያውቃሉ፣ ግን የሚያነቡት ነገር አልቆ የሽሮ ከረጢት ላይ ያለውን ጽሑፍ እስከማንበብ ደረስን። የተመለስንበት ዋና ምክንያትም ይኸው ትምህርት ነው፤ ትልቋ የ6ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ከመፈተኗ በፊት ክፍል ውስጥ መቀመጥ ነበረባት። አንድ ትምህርት ቤት «ያለፉትን ዓመታት ካርድ አምጪ» አለኝ። ጀልባ ላይ ነበርን ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ፤ ጸሐፊዋ «ጀልባው ካርድ አይሰጥም?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ከልቧ። በመጨረሻ ሌላ ትምህርት ቤት ፈትኖ ተቀበላት።

ወንበዴ የለም?

በአብዛኛው ያለው የጎማ ጀልባ ሌባ ነው። ማታ ከውሃ አንስታችሁ በሰንሰለት ካልቆለፋችሁት ጠዋት የለም። ለእሱ ሜክሲኮ አደባባይ ስልክ ይዞ የሚሄድ ሰው የሚያደርገው ጥንቃቄ ይበቃል።

ገንዘቡ ከየት ነው?

በብር አይሆንም፤ ይህን ፊት ለፊት መናገር ይሻላል። ባለቤቴ በኢንተርኔት የሚሰራ ሥራ አለው፣ ደሞዙ በዶላር ነው። ያገለገለች፣ ግን የምትሄድ 12 ሜትር ጀልባ ከ40 ሺህ እስከ 90 ሺህ ዶላር ልትጠይቅ ትችላለች። ባለጀልባዎች በየዓመቱ የዋጋዋን አንድ አሥረኛ ለጥገና አስቀምጥ ይላሉ፤ እኛ በመጀመሪያው ዓመት ከዚያ በላይ አውጥተናል። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ ይሁን ከተባለ በኋላ ደግሞ ዋጋውን ለዘመድ በብር መናገር አቁሜያለሁ፤ ቁጥሩ ያስደነግጣል። የመርከብ ባለቤት ሆነን ሀብታም የመሰልናቸውም አሉ። ጀልባዋ ስትሸጥ ከገዛንበት ዋጋ በታች ነው የተሸጠችው።

ቪዛና ወረቀት?

እያንዳንዱ ደሴት አገር ነው። ግሬናዳን ለቅቆ ሴንት ቪንሰንትና ግሬናዲንስ መግባት ድንበር መሻገር ነው። ስትደርሱ ቢጫ ባንዲራ ትሰቅላላችሁ፤ ካፒቴኑ ብቻውን ወርዶ የሁሉንም ፓስፖርት ለኢሚግሬሽንና ለጉምሩክ ያቀርባል፤ እስኪጨርስ ሌላው አይወርድም። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የየአገሩን ቪዛ ከመነሳታችሁ በፊት አጣሩ። ቢጫ ካርድን አትርሱ፤ ከኢትዮጵያ የሄደ ሰው የቢጫ ወባ ክትባቱን ይጠየቃል።

እዚያ ያለው ሰው ኢትዮጵያዊ መሆናችሁን ሲያውቅስ?

እዚህ ላይ ቁጭ ብላችሁ ስሙ። ጀልባዋን «ደንገል» ብለናት ኋላዋ ላይ በግዕዝ ፊደል ጽፈንበት ነበር፤ የጣና ታንኳ የሚሰራበት ሣር ነው። ካሪያኩ ላይ አንድ ረጅም ፀጉር ያለው ራስታ ዓሣ አጥማጅ ሲያልፍ ፊደሉን አየና ሞተሩን አጠፋ። ማንበብ አይችልም፤ ግን ከየት እንደሆነ አውቆታል። ቆሞ ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሳምንቱ ማንጎ ያመጣልናል፤ ገንዘብ ብሰጠው ቅር ይለው ነበር።

ጃንሆይ በሚያዝያ 1958 ትሪኒዳድንና ጃማይካን ጎብኝተዋል፤ ኪንግስተን አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የተቀበላቸው ሕዝብ ብዛት ከአውሮፕላኑ ለመውረድ አስቸግሯቸው ነበር። እዚያ ይህ ታሪክ ትናንት የሆነ ይመስላል። እኛ ቤት ደግሞ ስለ ጃንሆይ ከተነሳ አጎቴና እናቴ በዓል ያበላሹ ነበር። ያን ሁሉ ክርክር ለማንጎ አምጪው እንዴት ትነግረዋለህ? እኔ አልነገርኩትም። ልጄ «እማ፣ ለምን ዝም አልሽ?» ስትለኝ ግን መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም።

ትሪኒዳድ ላይ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተክርስቲያን አለ። ከቤሪል በኋላ ባለው እሑድ ሄድን። ግዕዙን በትሪኒዳድ ቅላፄ ሲያዜሙት ትንሹ ልጄ ዞር ብሎ «አያቴ ቤት ያለው ሬዲዮ ነው» አለ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩት።

ብትጣሉ የት ትሄዳላችሁ?

የትም። እዚህ ባል ሲናደድ «ነፋስ ተቀብዬ ልምጣ» ብሎ ይወጣል። እዚያ ከነፋስ በቀር ሌላ ነገር የለም። አንዱ ከፊት ጫፍ፣ ሌላው ከኋላ ይቀመጣል፤ አሥራ ሁለት ሜትር ነው ኩርፊያው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንዱ ገመድ እንዲይዝለት ሌላውን መጥራት አለበት።

ምን ናፈቃችሁ?

ሳይጠራ የሚመጣ ሰው። ጀልባ ላይ ሰው ሲመጣ ከሩቅ ይታያል፤ ሞተሩ ይሰማል፣ ቀድሞ በሬዲዮ ይጠይቃል። ቡና አፍልቼ ጭሱ በባሕሩ ላይ ሲሄድ የሚያሸትተው የለም። በሩን በርግዶ «ቡና ሸተተኝ» የሚል ሰው የሌለበት ቤት ስንት ዓመት ይኖርበታል? ባለቤቴ ይህ አይገባውም፤ እሱ በሰላም መጠጣት ነው የሚወደው።

እንዲያም ሆኖ ስመለስ የናፈቀኝ ሰፈር አልጠበቀኝም። ስንሄድ ዶሮ ማነቂያ ነበረች፤ በ2016 ፈርሳለች። የእናቴ ቡና አጣጮች አሁን በየኮንዶሚኒየሙ ናቸው፤ ለመገናኘት እነሱም ቀጠሮ ይይዛሉ።

ልጆቹ አዲስ አበባን ለመዱ?

ትልቋ ለምዳለች። ትንሹ ብርጭቆ ሲያስቀምጥ አሁንም ከጠረጴዛ ዳር ያርቀዋል። ሌሊት ነፋስ ተነስቶ የአያቱን ቆርቆሮ ሲያንኳኳ ይነቃና «መልህቁ ይዟል?» ይላል። እናቴ መልህቅ አይታ አታውቅም። «ይዟል፣ ተኛ» ትለዋለች።

ጀልባዋ አሁን የት ናት?

ትሪኒዳድ ላይ ለአንድ ባልና ሚስት ሸጥናት። ስሟን ሊለውጡ አስበው ነበር፤ ፊደሉ ግን በደንብ ተጣብቆ አልፋቅ አላቸው። ምን ማለት እንደሆነ ጻፉልንና ጠየቁን። «የሚንሳፈፍ ሣር» ብዬ መለስኩላቸው።